ዘይነባን ያስቀረሁበት ምርቃት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህች ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፋታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። የሚያውቁኝማ «የጋሼ ተፈራ ምርቃቱ ይረዝማል እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው» ይላሉ። ንጹሕ አይደለም። እኔ ያን ቀን ምርቃቱን ያስረዘምኩት ሆን ብዬ ነው።

የምኖረው ኖርዝ ሜልቦርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ነው። እዚያ ያለን ሰዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አንድ እድር አለን። ደንቡን ካረቀቁት መሥራቾች አንዱ እኔ ነኝ። እድሩ ለሞተ እንጂ ለታመመ አያወጣም የሚለውን አንቀጽም ተከራክሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ደንብ የሚለወጠው በጠቅላላ ጉባኤ፣ በአካል ተገኝቶ እጅ በማውጣት ብቻ ነው። ሰዉ ሺፍት ስለሚሠራ ጉባኤ የሚጠራው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። አዳራሹም ከፎቁ ሥር ያለው የጋራ ክፍል ነውና በሰዓት ተቆርጦ ይሰጠናል። የእኛ ሰዓት ሲያልቅ ዳንስ የሚማሩት ተረኞች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

እኔ ወሎዬ ነኝ፤ ምርቃት ከአባቴ የወረስኩት ነው። ስብሰባችን የሚዘጋው በእኔ ምርቃት ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ አይቋረጥም። አሜን እያሉ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ይህን ልማድ ልብ በሉልኝ፤ የበደልኩት በእሱ ነው።

ዘይነባ ጎረቤቴ ነበረች፣ የኮምቦልቻ ልጅ። ሆስፒታል ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ባልም ልጅም የሌላት ሴት። እኔ ኦፕራሲዮን ሆኜ በተኛሁ ጊዜ ሾርባ እያመላለሰች ያስታመመችኝ እሷ ናት። ኋላ እሷ ታመመች፤ ሐኪሞቹም በሽታሽ አይድንም አሏት። ያን ጊዜ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕይወት ሳለች ኮምቦልቻ ገብታ እህቷን ከድጃን ማየት። ሐኪሞቹ ፈቀዱላት፣ ግን በሽታው ሳይበረታባት ቶሎ፣ ያውም ነርስ አብሯት ተሳፍሮ። ያ ደግሞ ከአቅሟ በላይ ነበር። ጎረቤት እናዋጣልሽ ቢላት እምቢ አለች። «ልመና አልወድም። እድሬ ግን የራሴ ነው። ስሞት ከሚያወጣልኝ አሁን ዓይኔ እያየ ያውጣልኝ» አለች። ይህ ምን ይወጣለታል?

ሐና የእድሩ ጸሐፊ ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት እየሄድኩ አመጣት የነበረች ልጅ። ደንቡ ይለወጥ ብላ ሐሳብ አቀረበች። አብዛኛው ሰው ደገፋት። እጅ ቢወጣ እንደሚያልፍ እኔም አውቅ ነበር።

ታዲያ እኔ ምን ሆንኩ? በአፌ «ደንብ ይከበር» እል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። እኔም ብቻዬን ነኝ። ስሞት ሬሳዬ ደሴ ሄዶ ከአባቴ ጎን እንዲያርፍ እመኛለሁ። ለታመመ ሁሉ በር ከተከፈተ የእኔ ተራ ሲደርስ ካዝናው ባዶ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ነፍሷ ላልወጣች ሴት ማሰብ ሲገባኝ ለራሴ ሬሳ ሰሰትኩ። ደግሞም አልዋሽም፣ እኔ ያወጣሁትን ደንብ ያቺ ልጅ ስታርመው ከነከነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ሆንኩ።

የሚገርማችሁ፣ ፓርላማን ሲረግም ከእኔ የሚብስ አልነበረም። ሊፍቱ ተበላሽቶ ሥር ቆመን ስንጠብቅ ወሬያችን ይኸው ነበር። ለእኛ ለድሆች ይጠቅማል የተባለ ሕግ ከአንዱ ምክር ቤት ወደ ሌላው ሲንከባለል ይከርማል። ባሕር ማዶ ደግሞ አንድ ሴናተር ድምፅ እንዳይሰጥ ብሎ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲለፈልፍ በቴሌቪዥን አየን። «ሕዝብ የመረጠው ሥራ እንዲሠራ ነው ወይስ ሰዓት እንዲገድል?» ብዬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ሁሉም እውነትህን ነው አሉኝ። እኔ ግን ያን ሰውዬ እየሰደብኩ ዘዴውን ተማርኩ።

የጉባኤው ቀን ዘይነባ ጋቢ ለብሳ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ዕድል ሲሰጠኝ ስለ እድሩ አመሠራረት ማውራት ጀመርኩ። በስደት ከነበርንበት ከሱዳን ካምፕ ተነሣሁ። የሞቱትን መሥራቾች በስም በስማቸው ጠራሁ፤ ለእያንዳንዱ ነፍስ ይማር ተባለ። ማን ያቋርጠኛል? መጨረሻ ላይ ሐና አንገቷን ደፍታ «ጋሼ ይቅርታ፣ የአዳራሹ ታይም እያለቀብን ነው። ቮት እናድርግና ይቀጥላሉ» አለችኝ። እኔም «ልክ ነሽ ልጄ፣ ምርቃት እናስቀድምና እጅ እናወጣለን» ብዬ ተነሣሁ።

ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። ዘይነባም ዘረጋች። የእኔ ዓይን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ነበር። የታመመውን ይማርልን አልኩ፤ አሜን አሉ። የተጣላውን ያስታርቅልን አልኩ፤ አሜን አሉ። ለአገራችሁ ያብቃችሁ ስል ከሁሉ በላይ ጮክ ብላ አሜን ያለችው ዘይነባ ናት። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። እጅ ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ ነበረን። እኔ ግን ወደ ዝናቡ፣ ወደ አዝመራው፣ ወደ ከብቱ አለፍኩ። ኖርዝ ሜልቦርን ላይ ምን ከብት አለ? የዳንሱ አስተማሪ በሩን ከፍታ ብቅ እስክትል ድረስ መረቅሁ። ጉባኤው ሳይወስን ተበተነ፣ ሌላ ቀጠሮ ተያዘ።

በሁለተኛው ጉባኤ ሐና ይህንኑ ጉዳይ ከሁሉ አስቀደመችው። እኔም ይህን የመሰለ ከባድ ነገር ሽማግሌ ሁሉ ሳይናገርበት አይወሰንም አልኩ። ሽማግሌ ተናገር ተብሎ እምቢ ሲል አይታችኋል? ተራ በተራ ተናገሩ፣ እኔ አጠቃለልኩ፣ እንደገና መረቅሁ፣ በሩ ተከፈተ። ስንወጣ አንድ ታክሲ ነጂ «እኛም እንደ ፓርላማው ሆንን እኮ። ከእንግዲህ ከሥራ አስፈቅጄ አልመጣም» ሲል ሰማሁት። ሌሎቹም እየተነጫነጩ ወጡ። እኔን ግን ማንም አልጠረጠረም፤ ሽማግሌ ወሬ ይወዳል ብለው አለፉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ዘይነባ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አውሮፕላን አይታሰብም አሉ። እውነቱን ልነግራት አስቤ ሄድኩ፤ ትራሙ ላይ ሆኜ ቃሉን ሳሰናዳ ነበር። ገና አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ እጄን ያዘች።

«ጋሼ፣ እስካሁን ያቆየኝ ያ ምርቃትዎ ነው» አለችኝ። «እስቲ አንድ ጊዜ ይመርቁኝ።»

መረቅኋት። ለአገርሽ ያብቃሽ አልኳት፣ የማትሄድ መሆኗን እያወቅሁ። እሷም እያወቀች አሜን አለች። ያን ቀን ዝም ያልኩት አዝኜላት ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ፈርቼ ነው።

ዘይነባ ሞተች፣ በማግስቱ ቀበርናት። ለመቅበር ስብሰባ አላስፈለገንም፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ሰዉ ከየሥራው ቀርቶ መጣ፣ እድሩ ምንም ሳያጎድል አሰናዳ። ከድጃ ከኮምቦልቻ ደወለች። ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግነው። እያለቀሰች እህቴን ብቻዋን አልተዋችኋትም ብላ እድሩን አመሰገነች። ሁሉም እኔ እንድመልስላት ዞረው አዩኝ። እኔ ስልኩን ወደ ሐና ገፋሁት፤ እሷ መለሰችላት።

በሚቀጥለው ጉባኤ ደንቡ ተለወጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ማንም ንግግር አላደረገም፤ እጅ ወጣ፣ አለቀ። ያን ያህል ቀላል ነበር። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሐና አቅፋኝ አለቀሰች፣ ሰዉም የጋሼ ልብ ተራራ ነው አለ። እኔ ያን ምስጋና ተቀበልኩ። ይህንንም ከበደሌ ጋር ቁጠሩት።

እግዜር ይፍታህ እንዳትሉኝ። ይቅር የምትል ካለች ከድጃ ናት፤ እሷ ደግሞ ማን እንደበደላት አታውቅም። ቁጥሯ ስልኬ ውስጥ አለ። የምላትንም አውቀዋለሁ። እህትሽን ያስቀራት በሽታው ብቻ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ሰዓት እያየሁ በእግዜር ስም ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ለመናገር ይህን ያህል አጭር ነው። ለእናንተ ግን ከእድሩ ደንብ ጀምሬ ስንቱን አወራሁ። ዛሬ ልደውልላት ነበር የተቀመጥኩት። ይኸው እናንተን ይዤ ሰዓቱን ገደልኩት።