ለተቃጠለ እጅ የሚጸለይ ጸሎት

የኬርጊቨርነት፣ አዛውንትን በቤታቸው የመንከባከብ ሥራ የጀመርኩት ዌስትዉድ የሚባል ሰፈር፣ ከአየርላንድ የመጡ አዛውንት ቤት ነው። ሚስተር ፓትሪክ ይባላሉ። ብዙ ነገር ረስተዋል። ከእኔ በፊት የነበሩት እትዬ ዘነበች ሥራውን ሲያስረክቡኝ፣ «ስሚ፣ ሜዲኬሽናቸውን በሰዓቱ ስጪ። ሻወር ሲወስዱ ከበሩ እንዳትርቂ። ስምሽን ደጋግመው ከጠየቁሽ ደጋግመሽ ንገሪያቸው፣ ኦኬ?» አሉኝ።

አንድ ቀን ሾርባ ሳወርድ ድስቱ ተንሸራቶ እጄን አቃጠለኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ሳፈስበት ሚስተር ፓትሪክ ከሶፋው ተነስተው መጡ። ቧንቧውን እስክዘጋ ጠብቀው እጄን ያዙ። እፍ እያሉበት በአገራቸው ቋንቋ አንሾካሾኩ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ድግምት መስሎኝ እጄን ልስብ ስል ፊታቸውን አየሁ። ሁልጊዜ የሚቅበዘበዙት ዓይኖቻቸው ረግተዋል።

«አመሰግናለሁ» ስላቸው፣ «ተይ» አሉኝ። «ጸሎቱ ከተመሰገነበት አያድንም።»

ቁስሉ ጠባሳ ሳይተው ዳነ። በውሃው ይሁን በጸሎቱ አላውቅም።

ለልጃቸው ለሞሪን ስነግራት ቦርሳዋን እንደያዘች ተቀመጠች። እንደነገረችኝ ጸሎቱ በቤተሰቡ ሲወራረስ የቆየ ነው። እዚያ አየርላንድ ሰው ሲቃጠል በራቸውን ያንኳኳ ነበር። «ሊያስተምረኝ ሲል ሳቅኩበት» አለችኝ። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።»

አባቷ አጠገብ ሄዳ፣ «አባዬ፣ ለቃጠሎ የምትጸልየውን ንገረኝ» አለች።

«የምን ቃጠሎ?»

ግራ ሲገባት እጇን ዘረጋችላቸው። «ተቃጥያለሁ» አለች።

መነጽራቸውን አስተካክለው መዳፏን አገላብጠው አዩ። «ይሄ እጅ ደኅና ነው» አሉ፤ ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ያንተ» አለች ሞሪን።

«ጥሩ ልጅ ትመስያለሽ» አሏት። እኔ ሳህን ላጥብ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ሳንባ ምች ወሰዳቸው። ከቀብር መልስ ሞሪን ኪችን ድረስ ተከትላኝ መጣች። «አንቺ ሰምተሻል። አንድ ቃል እንኳ አታስታውሺም?» አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቃሉ ግን የለም። አላስታውስም ማለት በጣም ከበደኝ፤ ግን አልኳት።

አሁን ለሥራ አዲስ ቤት ስገባ የአዛውንቱን ልጆች፣ «ከወላጃችሁ የምትፈልጉት ነገር ካለ በዚህ ሳምንት ጠይቁ» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይከፋቸዋል። ቢከፋቸውም እነግራቸዋለሁ።