የጋሽ ዜሮ ማስታወቂያ

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡትን ሰው ሰፈሩ የሚያውቃቸው ጋሽ ዜሮ በሚል ቅጽል ስም ነው። ዜሮ ሲሰጡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበርና ስሙ ያለቦታው አልወጣላቸውም። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚናገረው ሬዲዮኑ ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪው ሲደክም ያጉረመርማል።

ብቸኝነቱ ሲበረታባቸው አንድ ሥራ ያዙ። ለልጆች ሒሳብ የሚያስተምር፣ በነፃ የሚታደል የኮምፒውተር ጨዋታ አለ፤ ችግሩ የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ነው። የሰፈሩ ተማሪዎች እንዳመጣላቸው ይጫኑታል እንጂ ምን እንደሚላቸው አያውቁም። ጋሽ ዜሮ መዝገበ ቃላት ታቅፈው ስምንት ወር ሙሉ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ ተረጎሙት። የቀረው ድምፅ ነበር። የጨዋታው አዘጋጆች ደግሞ ቁርጡን ጽፈውላቸዋል፦ ድምፁ ወሩ ሳያልቅ ካልደረሰ አማርኛው ከአዲሱ እትም ይቀራል።

በራሳቸው ድምፅ ሞከሩት። ልጁ ሲሳሳት ጨዋታው «አይዞህ፣ እኔ አለሁ፤ አብረን እንሞክር» ማለት አለበት። የቀዱትን መልሰው ሲሰሙት «ወላጅ ይዘህ ና!» የሚሉ ይመስላሉ።

ስለዚህ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፦ «በጎ ፈቃደኛ አንባቢ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሁለተኛ ፎቅ፣ ትንሿ ክፍል እገኛለሁ።» እዚህ ላይ ቢያቆሙ ምን አለበት! አመል ሆኖባቸው ከሥር አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ ጨመሩና «መልሱን ያላገኘ አይምጣ» ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ መጣ፣ ሰው አልመጣም። በሁለተኛውም ቅዳሜ ወፍ ዝር አላለም። ማስታወቂያው ላይ ግን አላፊ አግዳሚው መልሱን በእስክሪብቶ እየጻፈ ይሄዳል። ጋሽ ዜሮስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው አረሙት! ከአሥራ አንዱ አራቱ ትክክል፤ አንዱ አሠራሩን ስላላሳየ ግማሽ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ይህን አይታ አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ሰው እኮ መጥቶ ነበር።»

«መቼ? የታለ?»

«ባለፈው ቅዳሜ። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ። ሰሌዳው ጋ ቆማ ጥያቄውን አነበበችና ‹በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ዜሮ ልሸከም?› ብላ ተመለሰች። የእርስዎ ተማሪ ነበረች።»

ጋሽ ዜሮ አፈሩ። እሳቸው ፎቅ ላይ ተቀምጠው የሰው ኮቴ ሲጠብቁ፣ ሰው ታች ቆሞ እሳቸውን ይፈራ ነበር። ጥያቄውን በመቀስ ቆርጠው ጣሉት። ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄዶ መለመኑ ግን ከበዳቸው፤ «ጥያቄው ተሰርዟል በያት» ብለው በሠራተኛዋ ላኩባት።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሒሳብ የለበትም አይደል?»

«የለበትም ልጄ፣ ማንበብ ብቻ ነው። ግቢ፣ ግቢ።»

ቁጥሮቹን አነበበች፣ መመሪያዎቹን አነበበች፤ የሚያባብል ድምፅ ነበራት። ጋሽ ዜሮ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ቁልፉን ይጫናሉ። በመጨረሻ ልጁ የሚሳሳትበት ቦታ ደረሱ።

«አይዞህ፣ እኔ አለሁ፤ አብረን እንሞክር» አለች።

የጋሽ ዜሮ ጣት ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። ቃሉ በማዳመጫው በኩል ጆሯቸው ሥር ነው የገባው። እንዲህ ብሎ ያናገራቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች ደንግጣ።

ስክሪኑን አዩት። ቀረጻው ጥርት ብሎ ገብቷል፤ እንከን አልነበረውም።

«ትንሽ የመኪና ድምፅ ገብቶበታል» አሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «እስኪ አንዴ ድገሚልኝ።»