ለዋሷ ዋስ የሆንሁ ጊዜ

የልጅ ልጄ ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ሄዳ በአራተኛው ቀን ቁይ ከተማ ላይ ከሚኒባስ ስትወርድ፣ ነገሩ እንዳልቀናት ከአወራረዷ አወቅሁ። ቦርሳዋን ከወንበሩ ሥር ትታው ወርዳ፣ ረዳቱ ነው ከኋላዋ ተጣርቶ የሰጣት። ቤታችን ከቁይ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ በእጇ እንደያዘች ቆመችና፣ "እምዬ፣ ዋስ አጣሁ" አለችኝ።

ይህችን ልጅ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ተምራ ተመርቃለች፤ ከዚያም አሜሪካ የሚኖር የአገራችንን ልጅ አገባች። ሠርጉን እዚሁ በሰማንያ አድርገን፣ ማዘጋጃ ቤትም አስመዝግበን፣ ባሏ ከወር በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። እዚያ ሆኖ ማመልከቻውን አስገባላት። እሷ ትጠብቃለች፤ አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ባል አላት ተብላ ከልጃገረዶች ጋር አትሄድ፣ ጎጆ የላትም ተብላ ከባለትዳሮች ጋር አትቆጠር። ሥራ ስትጠይቅም "አንቺማ ልትሄጂ አይደል" እያሉ ለሌላ ይሰጡባታል። እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነበር።

ኤምባሲ የሰጧት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። እንዳነበበችልኝ ከሆነ፣ ባል ሚስቱን ወደዚያ አገር ሲወስድ፣ የመንግሥት ሸክም እንዳትሆን እኔ አኖራታለሁ ብሎ ይፈርማል። ማኖር መቻሉ የሚታየው ደግሞ ለግብር ባሳወቀው ገቢ ነው። የእኛ ልጅ ታክሲ ነጂ ነው፤ የነዳጁ፣ የመኪናው ዕዳ፣ የምኑ የምኑ ተቀናንሶ ወረቀት ላይ የሚቀረው ከሚፈለገው ያንሳል። ስለዚህ ሌላ ዋስ ይጨመር ይላል። ዓመት ሳይሞላ ካልተጨመረ ፋይሉ ይዘጋል።

እኔ ዋስ ሲባል የማውቀው የእኛን ነው። በሰማንያ ስንድራት ከሁለቱም ወገን ዋስ ተጠርቷል። በእኛ ወገን የቆሙት ሦስት ናቸው፤ መሬት ያላቸው፣ በሬ ያላቸው፣ ሰው የሚሰማቸው። "ዋስ ከሆነማ ምን ያስለቅስሻል" ብያት፣ በማግሥቱ ማልጄ ወጥቼ ሦስቱንም ቤት ለቤት ዞርሁ። አንዳቸውም እምቢ አላሉም።

አንደኛው የመሬት ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። ሁለተኛው ከቀበሌ ደብዳቤ አስጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ መጣ። ሦስተኛው ደብተሩን አይጥ በልቶበት ስለነበር የበሬዎቹን መልክ በቃሉ ሊያስጽፍ ባዶ እጁን መጣ። ደብረ ማርቆስ ደርሰን፣ በሁለት ባጃጅ ተከፋፍለን፣ እንዲህ ያለውን ፎርም የሚሞሉበት ኮምፒውተር ቤት ገባን። የምትጽፈው ልጅ ሁላችንንም አየችና ከጎረቤት ወንበር ለምና አስቀመጠችን።

"እማማ፣ እነዚህ አባቶች ምን ሊሆኑ ነው?"

"ዋስ።"

"የማን?"

"የእሷ" ብዬ የልጅ ልጄን አሳየኋት። እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። መንገድ ሙሉ አይሆንም ስትለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።

ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ አልሳቀችብንም። "ዋሱ እዚያው አሜሪካ መኖር አለበት፣ እማማ። እዚያ የሚሠራ፣ እዚያ ግብር የሚከፍል።"

ባለ በሬው ጣልቃ ገባ። "እኔም እኮ ግብር እከፍላለሁ።"

"ለዚያኛው መንግሥት ነው፣ አባባ።"

"ያኛው መንግሥት በሬዬን ምን አለው?"

"አያየውማ፣ አባባ።"

"እዚያ ሆኖ የማይታይ በሬ አይደለም የኔ" አለ።

ያን ጊዜ የልጅ ልጄ ሳቀች። ከአዲስ አበባ ከተመለሰች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሦስቱንም ምሳ ጋበዝኋቸው፤ ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ሽሮ በላን። ከኮምፒውተር ቤቱ ከመውጣታችን በፊት ጸሐፊዋ ፎርሙን ከፍታ ነጥብ በነጥብ ታስረዳን ስለነበር፣ ስለ ዋስትናው ሌላ ነገርም ሰማሁ። እሱን ኋላ እደርስበታለሁ።

ከዚያ ባልየው እዚያው ሰው ይፈልግ ጀመር። ጓደኞቹ እንደሱ ነጂዎች ናቸው፤ ገቢያቸውም እንደሱ ነው። ከወር በኋላ ደወለ። "አንዲት የደብረ ወርቅ ልጅ አለች፤ ነርስ ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሳለም። ገቢዋም ይበቃል። ጠየቅኋት፣ እምቢም እሺም አላለችኝ። አባቴ በግዝት አስሮኛል ነው የምትለኝ።"

አባቷ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ፣ ከእናንተ አንዳችሁ ለማንም ዋስ እንዳትሆኑ ብሎ ገዝቷቸዋል። ልጅቱ አሜሪካ ድረስ ሄዳ፣ ነርስ ሆና፣ የዚያ አገር ዜጋ ሆና፣ ግዝቱ አብሯት ሄዷል። አልፈረድሁባትም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አልፈርምም።

"እናቷ በሕይወት አሉ?" አልሁት።

"አሉ፣ ደብረ ወርቅ አጠገብ።"

"እንግዲያ እኔ እሄዳለሁ።"

መሄድ እወዳለሁ። ልጆቼ "የእሷ እግር ቤት አያውቅም" ይሉኛል። ለዝክር፣ ለልቅሶ፣ የታመመ ለመጠየቅ፣ አንዳንዴም ለምንም ሳይሆን እንዲሁ እወጣለሁ። ያን ሰሞን ግን በጸጥታው ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሁለት ጊዜ ቁይ ደርሼ ተመለስሁ። በሦስተኛው መኪናው ከመንገዱ ግማሽ ላይ አወረደኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድሁት። ኅዳር ነው፤ ጤፍ ይታጨዳል። ከአጫጆች ውኃ እየለመንሁ፣ ስለ እህላቸው እየጠየቅሁ፣ ሁለት ጊዜም ቁጭ ብዬ እያወራሁ፣ ከቀትር በኋላ ደረስሁ።

የነርሷ እናት አውድማ ትለቀልቅ ነበር። ሁለት እጇ እስከ ክንዷ እበት ስለሆነ በክርኗ ሰላም አለችኝ። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ታንሳለች።

"ምን እግር ጣለዎት?"

ማን እንደሆንሁና ከየት እንደመጣሁ ነገርኋት።

"አወቅሁት" አለች። "ልጄ ነግራኛለች። ስለዚያ ነገር ከሆነ በከንቱ ነው የደከሙ።"

ነጠላዬን አጣፍቼ እጅጌዬን ሰበሰብሁ። "እንግዲያ ይህን ላግዝና እሄዳለሁ።"

"በእንግድነትዎ?"

"እጄን አጣጥፌ ልይዎት?"

ጎን ለጎን ሆነን ለቀለቅን። ግማሽ ያህሉን ስንጨርስ እኔ ሳልጠይቃት መናገር ጀመረች። ባሏ ዋስ የሆነው ለእኅቱ ባል ነበር፤ ሰውየው በቅሎ በዱቤ ሲገዛ። ሌላ የቆየ ዕዳ እንዳለበት ግን ለዋሱ አልነገረውም። በቅሎዋን ይዞ መተከል ገባ፤ በዚያው ቀረ። ባለ ገንዘቡ መጥቶ ከጥማዳቸው አንዱን በሬ ወሰደ። ያን ዓመት በአንድ በሬ ከጎረቤት ተቀናጅተው አረሱ።

"እሱን ግን በሬው አይደለም ያቃጠለው" አለች። "'ደበቀኝ' ይል ነበር። ሲሞትም ያላት ያችኑ ቃል ነው።"

እዚያው አድሬ፣ በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ነፍስ አባቷ ዘንድ አብረን ሄድን። እሷ ለመሄድ የፈቀደችው፣ እኔ እንደማስበው፣ አውድማውን ስላገዝኋት ነው። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው። ከግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ከሰሙ በኋላ፣ "ባልሽ የገዘተው ለምን ነበር?" አሏት።

"ስለ ተደበቀበት፣ አባ።"

"እንግዲያ አሁንም የሚደበቅ ነገር ካለ ግዝቱ አይፈታም። ከሌለ ልፈታው እችላለሁ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አለ ወይ?"

እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ። ጸሐፊዋ ያስረዳችን ያ ሌላ ነገር ነበረና። የልጅ ልጄም ልወጣ ስል እስከ ደጅ ተከትላኝ፣ "ካልጠየቁሽ አታንሺው፣ እምዬ" ብላኝ ነበር። ልጅ ናት፤ ፈርታ ነው። እኔም ላነሣው አስቤ አልመጣሁም፤ መንገድ ሙሉ ያሰብሁት እንዴት እንደማልናገረው ነበር። ብናገር ሴትዮዋ ታፈገፍጋለች፣ ልጄም እዚያው ወንዙ ዳር ቆማ ትቀራለች።

"አለ" አልሁ ወደ ሴትዮዋ ዞሬ። "ልጆቹ ቢፋቱም ዋስትናው አይወርድም። የልጅ ልጄ ዜግነት እስክታገኝ፣ ወይም አሥር ዓመት ያህል እስክትሠራ የልጅዎ ስም እዚያው ይቆያል። ችግር ላይ ወድቃ የመንግሥት እርዳታ ብትቀበል፣ ልጅዎን ክፈይ ሊሏት ይችላሉ።"

"ቢፋቱም?"

"ቢፋቱም።"

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። በልቤ መመለሻዬን አሰብሁ፤ የትኛው መኪና፣ በየት በኩል፣ ለልጅቱስ ምን እላታለሁ።

"እኔ አሜሪካን አላውቅ" አለች በመጨረሻ። "ዳኛዋን አላውቅ፣ ደጇን አላውቅ። እርስዎ ያሳደጓት ልጅ የኔን ልጅ ብታስከፍላት የማንን ደጅ ነው የምረግጠው?"

"የእኔን።"

"ደጅዎ ላይ ምን አለ?"

"ከቤቴ ጀርባ እስከ ወንዙ ባሕር ዛፍ አለኝ። በስሜ ነው።"

ቄሱ ፈገግ አሉ። "የአሜሪካን መንግሥት በባሕር ዛፍ?"

"ለመንግሥት አይደለም፣ አባ። ለእኔ ነው" አለች።

ቄሱ ከዲያቆን ደብተር አንድ ገጽ አስቀደዱልኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት ወንድሜ ለድቁና ሲያጠና አጠገቡ ጥጥ እየፈተልሁ ነው። የጻፍሁት አጭር ነው። የልጅ ልጄ የእርስዎን ልጅ ብታስከፍላት ባሕር ዛፌ የእርስዎ ነው፤ ዋስትናው እስኪወርድ እርስዎ ሳያውቁ አልቆርጥም፣ አልሸጥም። ስሜን ጻፍሁ፣ እሷ አውራ ጣቷን አሳረፈች፣ ቄሱ ምስክር ሆኑ። ከዚያ ጸልየው ግዝቱን ፈቱ። ለእናትየዋ የሰባት ቀን ስግደት ሰጧት፤ ለልጅቱም ባለችበት እንዲሁ።

"ለእኔስ?" አልኋቸው።

"እርስዎ ምን አድርገው?"

"ልደብቅ ነበር።"

ጉልበቴን አዩና፣ "ሦስት ቀን ይበቃዎታል" አሉኝ።

ስልኩ የሚሠራው ከግቢው በር ውጭ ብቻ ነው። እናትየዋ እየጮኸች ለልጇ ነገረቻት፤ ቢፋቱም የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመችው።

"እሱንማ አንብቤዋለሁ፣ እማ" አለች ልጅቱ። "እኔ የፈራሁት አባዬን ነው።"

"አባ ፈትተውልሻል።"

"እሺ። እፈርማለሁ።"

ቤቴ ስደርስ የልጅ ልጄ ገና ከአጥሩ ላይ፣ "ነገርሻቸው?" አለችኝ።

"ነገርኋት።"

"እምቢ ቢሉስ?"

"እምቢ ትላለቻ።"

ፊቷን አዙራ ገባች። ነርሷ እሺ እንዳለች የነገርኋት ተከትያት ገብቼ ነው። ቢሆንም እስከ እራት አላነጋገረችኝም። ስሰግድ ስታይ ግን መጥታ ከጉልበቴ ሥር ደበሎ አነጠፈችልኝ።

የነርሷ ወረቀቶች የገና በዓል ሳይደርስ መጡ፤ ፓስፖርቷ ቪዛ ተመቶበት ለፋሲካ ጾም መያዣ ደረሰ። ሄደች። አሁን ዕቃ ማሸጊያ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ስትደውል መጀመሪያ የምጠይቃት ከባሏ ጋር ይስማሙ እንደሆነ ነው።

"እምዬ፣ ይህ ጥያቄ ለእኔ ነው ለባሕር ዛፍሽ?" ትለኛለች።

"ለሁለታችሁም።"

ደብረ ወርቅ በሁለት በሦስት ወር አንዴ እሄዳለሁ። ልጅቱ እንደምትሠራ፣ ጤናዋ ደኅና እንደሆነ ለሴትዮዋ እነግራታለሁ፤ ባልነግራትም ከልጇ ትሰማለች፣ ግን ከእኔ መስማት ትፈልጋለች። ባለፈው ወር አጣና ነጋዴ መጥቶ ዛፎቹን ዞሮ አየና፣ ከዚህ በላይ ከቆዩ ለአጣና አይሆኑም አለኝ። ዋስ ናቸው ብዬ ብነግረው አልገባውም። ሴትዮዋን በሰው አስጠራኋት። በቅዳሜ ገበያ መኪና መጣች፤ ወደ ቤቴ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

እህል እንኳ ሳትቀምስ ወደ ጓሮ ገባች። እኔ ኋላዋ፣ ነጋዴው በስተኋላችን። ዛፎቹን እየነካካች፣ ቀና እያለች እያየች እስከ ወንዙ ወረደች። ስትመለስ በቀጫጭኖቹ ላይ በቢላዋ ምልክት ታደርግ ጀመር።

"እነዚህን ሽጫቸው" አለችኝ። አንቺ ስትለኝ ያን ጊዜ መጀመሪያዋ ነው። "ዳር ዳሩን ያሉትን ወፋፍራሞቹን ግን አትንኪብኝ። ልጅቱ ዜግነቷን እስክታገኝ ይቁሙ።"