ትኩረት በጅምላ አይገዛም

በዚህ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ልጄ ናት፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ሁለተኛዋ እናቷ ናት፤ እኔ ስጮኽ ዝም የምትል፣ እኔ ዝም ስል የምትናገር ሴት። ሦስተኛዋ ከአጥራችን ማዶ የምትኖር ነርስ ናት፤ እዚሁ ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች፣ ሳምንቱን ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ ሠርታ ዓርብ የምትመለስ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ከወሎ መጥቼ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈትሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርሁት ስኳር በምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ይህን የምናገረው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው። ያለ አስተማሪ ፊደል ለይቼ፣ አስተማሪ ያላት ልጅ እንዴት እንደሚያቅታት አይገባኝም ነበር።

ልጄ ሰነፍ አይደለችም። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከመጋዘን ክብሪት አምጪ ስላት ትሄዳለች፣ እዚያው ትቀራለች። ስከተላት የሳሙና ካርቶኖቹን በቀለም እየለየች ስትደረድር አገኛታለሁ።

«ክብሪቱስ?»

«የቱ ክብሪት?»

የቤት ሥራዋን ሠርታ ሳታስረክብ ትመለሳለች። በአንድ መንፈቅ ሁለት ደብተር ባጃጅ ውስጥ ጥላለች። አንዱ ጎረቤት ጂን ነው አለኝ። ሌላው ስኳር ከልክላት አለኝ፤ ለስኳር ነጋዴ! ምክር ቀረጥ ስለሌለው ሁሉም ያድላል። የእኔም ከእነሱ አይሻልም ነበር፤ የእኔ ምክር ቀበቶ ነበር። ሁለት ጊዜ መትቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ደብተሯን ረስታ ሄዳለች። ሰባተኛን ክፍል ለጥቂት ስታልፍ ደግሞ ፊት ለፊት ነገርኋት፦ «ስምንተኛን ካላለፍሽ ከባንኮኒው ጀርባ ትቆሚያለሽ። አበቃ።» እንደ ጎረቤታችን ነርስ ለመሆን እንደምትመኝ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያልሁት።

ነርሷ ወትውታኝ ልጄን ጅማ ወሰድኋት። የአእምሮ ሐኪሙ እኛንም እሷንም ብዙ ጠየቀ። ኤዲኤችዲ የሚሉት የትኩረት ችግር እንደሆነ፣ የባሕርይ ብልግና እንዳልሆነ ነገረን። መድኃኒት አለው፤ ግን ክትትል ይፈልጋል፣ እኛ ዘንድም እንደ ልብ አይገኝም። «ለጊዜው የቤታችሁን ሥርዓት አስተካክሉ» አለን።

ሥርዓት! ደስ አለኝ፤ ሥርዓት የእኔ ሙያ መሰለኝ። መጋዘኑን ጠርጌ፣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በሩን ዘጋሁባት። ፀጥታ ካለ ትኩረት ይመጣል ብዬ። የጋምቤላን የመጋቢት ሙቀት የቀመሰ ሰው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ልጅቷ በላብ ተነክራ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ አነበበች፤ ያነበበችውንም አታውቀውም።

ቅዳሜ ነርሷ መጥታ በሩን ራሷ ከፈተችው።

«ጋሼ፣ እግር አስረህ ጭንቅላትን ሩጥ ትላለህ? ዐሥራ አምስት ደቂቃ ታንብብ። ከዚያ ትነሣ። ዕቃ ትሸከም። ትመለስ። አንድ ነገር ብቻ እዘዛት፤ ሁለት አትዘዝ።»

«የት? ሱቅ ውስጥ? በዚያ ሁሉ ጫጫታ?»

«አንተስ የት ተማርህ?»

ስኳር ወደምጠቀልልበት ጋዜጣ ዞር አልሁ።

ከባንኮኒው ጫፍ ትንሽ ጠረጴዛ አኖርንላት። የስልኬ ደወል እስኪጮኽ ታነባለች፤ ሲጮኽ ተነሥታ ዘይት ትቀዳለች ወይም ጄሪካን ታወጣለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። ነርሷ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ስንቴ እንደተነሣች ትጠይቃለች። ከኢታንግ የሚመጡ አንዲት ደንበኛችን ነገሩን ለምደው፣ እኔ ጨው ላወርድላቸው ስነሣ «ተቀመጥ፣ እሷ ታምጣልኝ። ደወል እስኪል ጨው አይሸሽም» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አንገሸገሸኝ። አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ደወል፣ አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ደወል፤ ሃያ ዓመት ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ሳስተናግድ የኖርሁ ሰው እንደ ሕፃን ተቆጠርሁ። ይሁን እንጂ ሠራ። በሰባት ሳምንት ውስጥ ሒሳብ ላይ ከግማሽ በላይ ማምጣት ጀመረች። ከወንበሯ ሳትነሣ በጠረጴዛው ሥር እግሯን እያፍታታች ደወሉን መጠበቅም ለመደች።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ነጋዴ ነኝ። በችርቻሮ ያዋጣ ዕቃ በጅምላ የበለጠ ያዋጣል፤ እንጀራ የበላሁበት ሕግ ነው። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነርሷ ሥራ በዝቶባት ጣቢያው ቀረች። እኔም ደወሉን ከዐሥራ አምስት ደቂቃ መጀመሪያ ወደ አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ወደ ሁለት ሰዓት ገፋሁት።

«አባዬ፣ ደወሉ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። አንቺ ጎብዘሻል።»

«የጎበዘችው በዐሥራ አምስቱ ነው» አለች እናቷ ከጓዳ።

አልሰማኋትም። ልጅቷም አላጉረመረመችም፤ ባንኮኒውን ትፈራው ነበር። ምግብ ቀነሰች። ያላነበበችውን አንብቤአለሁ ማለት ጀመረች። ውሸት ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ አስተማሪ አልነበራትም።

በሒሳብ ፈተናው ቀን፣ ሰዓቱ ገና ሳይጋመስ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ አየኋት።

«ምነው?»

«እግሬ አልቀመጥ አለኝ። ትንሽ ልቁም ብዬ ተነሣሁ። ፈታኙ ‹ጨረስሽ?› አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት።»

«ጨርሰሽ ነበር?»

«የመጀመሪያውን ገጽ።»

እጄ ተነሣ፤ አልክድም። እናቷ መሐል ገባች። «መጀመሪያ የራስህን ጆሮ ምታው» አለችኝ። ልጅቷን ይዛ ጓዳ ገባች።

ውጤቱ መጣ። ወደቀች፤ በሒሳቡ ብቻ ነው የወደቀችው። በምዝገባው ጠዋት ማንም ሳያዛት ሽርጥ ታጥቃ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል።

«አውልቂው» አልኋት።

«አባዬ፣ አበቃ ብለህ ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር። አውልቂው፤ ተመዝገቢ።»

ቃሉን የሚያጥፍ ነጋዴ ከሚዛን ሌባ አይሻልም እያልሁ ሰው ስመክር ኖሬአለሁ። ያን ቀን አጠፍሁት፤ ትክክል ያደረግሁት አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። ነርሷ ተመልሳ ሁሉንም ስትሰማ ጮኻ አልተቆጣችኝም። ስልኬን ወስዳ ደወሉን ወደ ዐሥራ አምስት መለሰችና «አትንካ» አለች።

የከሰርነው ድምር እንግዲህ፦ ነርሷ ሰባት ቅዳሜ። እናቷ በባሏ ላይ የነበራት እምነት፤ ምን ያህሉ እንደተመለሰ አልጠየቅሁም። እኔ አንድ ቃል። ልጄ፣ ምንም ያላጠፋችው፣ ስምንተኛን ደግማ ከእሷ ከሚያንሱ ልጆች ጋር በአንድ ወንበር የምትቀመጥበት አንድ ሙሉ ዓመት።