በጆሮዬ ነው የማውቃት

ቢቸና ገበያ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት ወይንእሸት ፈረደን የማያውቅ የለም። ዱቄት ቅንድቧ ላይ ያረፈ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያሰረች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ወፍጮው ሲነሣ ሰው ሁሉ ይጯጯሃል፤ እሷ ግን አትጮህም። ቃሉን አንድ በአንድ ለይታ፣ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው፤ ድምጿም ጩኸቱን ሰንጥቆ ያልፋል። "የስንቄ ጤፍ። ደርሷል። ጆንያ አምጪ።" ደንበኞቿ አነጋገሯን ለምደውታል፤ ከየት እንዳመጣችው የጠየቃት ግን የለም።

ያመጣችው ከጦር ሜዳ ነው። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች ዘመተች። መጀመሪያ የተመደበችው ወጥ ቤት ነበር። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ምስር ስትለቅም ከርማ ሳለች የሬዲዮ ሠራተኛው በወባ ወደቀ። ተተኪ እስኪመጣ ድረስ ተብሎ መነጋገሪያው ለእሷ ተሰጠ። ተተኪው አልመጣም። ድምጿ ጥርት ያለ ስለ ነበር ወደ ምስሩ ልመልስሽ ያላትም አልነበረም። ዝውውሯን ግን በጽሑፍ ያሰፈረ ሰው አልተገኘም፤ በዚያ ሁሉ ግርግር ማን ልብ ይበል።

ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ሬዲዮው ያለበትን ምሽግ መድፍ መታው። ወይንእሸት ራሷን ስታ፣ በማን መኪና እንደ ተጫነች ሳታውቅ፣ ሩቅ ሆስፒታል ውስጥ ነቃች። ጎኗ እስኪድን ሰላም ሆነ፤ ክፍሏም ተበተነ። እሷም አገሯ ገባች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፣ ወፍጮ ቤት ተቀጠረች። ስለ ዘመቻው አንሥታ አታወራም። አንዳንዴ ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ወፍጮው ባዶውን ሲያጉረመርም፣ ከድምፁ ሥር የሰው ንግግር የሚሰማት ይመስላታል። ያኔ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ሰው ሲያያት እንቅልፍ የጣላት ይመስለዋል።

አንድ ቀን ምንይሉ የባቄላ ክክ ሊያስፈጭ መጣ። ምንይሉ ያኔ የሬዲዮዋን ባትሪ ይሸከምላት የነበረ፣ ዛሬ ጣውላ የሚነግድ ሰው ነው። ደረቱ ላይ አዲስ ሜዳሊያ አድርጓል።

"ትናንት አዳራሹ ውስጥ የዘመትነው ሁሉ ስንጠራ አንቺ የት ነበርሽ?" አላት።

"ማን ጠራኝና።"

"እንዴት አይጠሩሽም?"

"እንጃ" አለች ወይንእሸት፣ ክኩን እያፈሰሰች። "ረስተውኝ ይሆናላ።"

ምንይሉ ግን አልተዋትም። እየጎተተ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ ወሰዳት። እዚያ ብሩክታይት የምትባል ትሑት ልጅ አለች፤ ኮምፒውተሯን አየችና ፊቷ ትንሽ ደመነ።

"እትዬ ወይንእሸት፣ እዚህ ያለው 'ምግብ ዝግጅት' የሚል ነው። ቁስለኛም አይልም። 'ክፍሏን በፈቃዷ የተለየች' ነው የሚለው።"

ወይንእሸት ሜዳሊያው ቢቀር ግድ አልነበራትም። ይቺ "በፈቃዷ" የምትል ቃል ግን ጎኗ ውስጥ ካለው ስባሪ ብረት ይልቅ ወጋቻት። ጥላቸው የሄደች! እነዚያን ድምፆች ሁሉ፣ እያዳመጧት ሳሉ፣ ጥላቸው የሄደች!

"ይታረማል ወይ?" ብላ ጠየቀች።

"አብረናት አገልግለናል የሚሉ ሁለት ምስክሮች ካሉ ይታረማል። አንዱ መኮንን መሆን አለበት።"

ምንይሉ አንዱ ሆነ። መኮንን የተባለ ጊዜ ግን ሁለቱም የተያዩት አንድ ሰው አስበው ነው፤ መቶ አለቃ ሀብተ ሥላሴ። ሞጣ ናቸው፣ ችግኝ እያፈሉ ይሸጣሉ ሲባል ምንይሉ ሰምቷል።

"እሳቸው እኮ አንድም ቀን አይተውኝ አያውቁም" አለች ወይንእሸት።

"ሰምተውሽ የለም?"

በማግስቱ የሞጣን አውቶቡስ ተሳፈረች። ወሩ ነሐሴ ነበርና ሜዳው ሁሉ ጉም ለብሷል። የጤፉ አረንጓዴ ከጉሙ ሥር ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፤ ግንደ ወይን ላይ የተቀቀለ እሸት በመስኮት ገባ። እሷ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ ሳትተኛም ሳትነቃም፣ ያቺን የአቧራ ቀን ታያለች። ታያለች ከማለት ትሰማለች ማለት ይሻላል።

የመቶ አለቃው ወታደሮች ቦታ ለቀው እንዲወርዱ በታዘዙበት ሰዓት ነፋስ ተነሣ፤ አቧራው ሸለቆውን ሞላውና አጠገባቸው ያለውን ሰው እንኳ ማየት ተሳናቸው። በስተቀኛቸው ፈንጂ የተቀበረበት ሜዳ አለ። ወዲያ ማዶ ከአቧራው በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቃፊር ግን አልፎ አልፎ ራስ ቁራቸው ብልጭ ሲል ያያል። ቃፊሩ ለእሷ ይነግራል፤ እሷ ለመቶ አለቃው ትነግራለች። "በስተግራ። ጥቂት በስተግራ። አሁን ቀጥ ይበሉ።" ከቀትር እስከ ፀሐይ ማዘቅዘቂያ እንዲህ ስትል ዋለች። ድንጋዩን አታይም፣ ሰዎቹን አታይም፤ የመቶ አለቃውን ትንፋሽ ብቻ ትሰማለች። ሁሉም ወረዱ። በሳምንቱ ምሽጓ ተመታ።

"ሞጣ! ሞጣ! ወራጅ!" አለ ረዳቱ። ወይንእሸት ከአቧራው ወጥታ ዝናብ ውስጥ ገባች።

የመቶ አለቃው ችግኝ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዝ አፋፍ ላይ ነበር። ጠይም፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ሆነዋል። ጉዳይዋን ነጠላዋን እያፍተለተለች፣ አንገቷን ደፍታ፣ በሹክሹክታ ብትነግራቸው ፊቷን ትኩር ብለው አዩት።

"አላውቅሽም፣ እህቴ" አሏት በሐዘኔታ። "ያቺን ልጅ አስታውሳታለሁ፤ እንዴት እረሳታለሁ! ግን እሷ ሞታለች። ምሽጉ ሲመታ ማንም አልተረፈም ነው የተባልነው። አንቺን ውሸታም አላልኩም፤ ዘመኑ ሰውን ያምታታል። እኔ ግን ባላየሁት ነገር እጄን መስቀል ላይ ጭኜ አልምልም።"

ወይንእሸት አልተከራከረቻቸውም። እውነታቸውን ነው፣ አለች በልቧ። ዝናቡ አባርቶ ነበርና የተኛውን ውሃ ሊያስወጡ ፓምፓቸውን አስነሥተው፣ ዶማ ይዘው ወደ መደቦቹ ሄዱ፤ እሷም ተሰናብታ ወደ በሩ አመራች። ወጣ ስትል ዞር ብላ አየች። ከጀርባቸው ውሃው መደቡን ጥሶ ችግኙን እያጠበ ይወስደዋል፤ እሳቸው አላዩም። ፓምፑ ያጓራል። ወፍጮ ቤት እንደለመደችው፣ ሳትጮህ፣ ቃሉን ለይታ ተናገረች።

"መቶ አለቃ። በስተግራ። ውሃው ሞልቷል። በስተግራ።"

ሰውዬው ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሄዱ። ምንም ሳያስቡ፣ እንደ ታዘዘ ሰው ነው የሄዱት። ከዚያ ባሉበት ቆሙ። ዶማው ከእጃቸው ወደቀ። ዞር ሳይሉ፣ ጀርባቸውን እንደ ሰጧት፣ "ድገሚው" አሉ።

"በስተግራ" አለች።

መደቡ ጠርዝ ላይ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ውሃው እግራቸውን እያጠበ ያልፋል፤ ፓምፑን ያጠፋው የለም። ወይንእሸት መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

"በየዓመቱ ሰኔ ላይ እዘክርልሽ ነበር" አሏት። "ጠላና ዳቦ፣ ለነዳያን። ቄሱ 'ስመ ክርስትናዋን ማን ልበል?' ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ? 'እሱ ያውቃታል' እላቸዋለሁ።"

"ወለተ ገብርኤል ነኝ።"

"ወለተ ገብርኤል" አሉ፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። "ለከርሞው እንዲህ ልበላቸው?"

"ለጊዜው እንኳ ይቆይ" አለች ወይንእሸት። ሁለቱም ሳቁ፤ እሳቸው እየሳቁ ዓይናቸውን በጭቃማ እጃቸው ጠረጉ።

በማግስቱ አብረው ቢቸና ገቡ። ብሩክታይት የምስክሩን ቅጽ አውጥታ መጠየቅ ጀመረች።

"አባባ፣ ስታገለግል በዓይንዎ አይተዋታል?"

"አላየኋትም።"

ብሩክታይት ብዕሯን አስቀመጠች። "ቅጹ 'በዓይኑ ያየ' ነው የሚለው። አይቻለሁ ቢሉ ይሻላል።"

"ልጄ፣ አላየኋትም። በጆሮዬ ነው የማውቃት። ያየኋት ትናንት ነው።"

ብሩክታይት ግራ ቢገባት አለቃዋን አቶ ዘመነን ጠራች። አቶ ዘመነ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጥቂት አሰበና ሁለቱን በየክፍሉ አስቀምጦ፣ የዚያን የአቧራ ቀን ነገር ለየብቻ እንዲያወሩለት ጠየቃቸው። እሱ ራሱ ጻፈው። ነፋሱ የተነሣበት ሰዓት፣ አንድ ወታደር ጫማው ወልቆበት የቆሙበት ቦታ፣ በመሐል ድምፁ ተቋርጦ እንደገና የተገኘበት፣ ሁሉም አንድ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ አልገጠመም። መቶ አለቃው ጸጥ ስንል ታንጎራጉርልን ነበር ይላሉ፤ ወይንእሸት በሬዲዮ ላይ አንጎራጉሬ አላውቅም አለች።

"ታንጎራጉሪ ነበር" አሉ በሩ ላይ ሲገናኙ።

"ኧረ በጭራሽ። ክልክል እኮ ነው።"

አቶ ዘመነ ይህንንም እንዳለ ጽፎ፣ ከምንይሉ ቃል ጋር አያይዞ ወደ ላይ ላከው።

ክረምቱ ወጣ፤ ጤፉ ታጨደ። ወይንእሸት ምንም ሳትጠይቅ የሰው እህል ስትፈጭ ከረመች። ጥር ላይ ተጠራች። የወረዳው አዳራሽ ውስጥ፣ ከሌሎች ስማቸው ከተዘለለ ሰዎች ጋር፣ አንዱን የዘመቻ አንዱን የቁስለኛ፣ ሁለት ሜዳሊያ ሰጧት። ሰው አጨበጨበ። እሷ ግን ጭብጨባውን አልሰማችውም። ከመድረኩ የተነበበውን ነው ያዳመጠችው፤ "የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ፤ በግዳጅ ላይ ቆስላ ከክፍሏ የተለየች።" ቆስላ። ትንፋሿን ስታወጣው እስከዚያች ሰዓት ይዛው የኖረች መሰላት።

ከዚያ በኋላ ምንይሉ እሷንና ሊያዩ የመጡትን መቶ አለቃ ምሳ ጋበዛቸው። እሱ ወዳጅ አግኝቶ ሲነሣ ወይንእሸትና መቶ አለቃው ሽሮውን መሐላቸው አድርገው ቀሩ። ብዙ ጊዜ ልትጠይቃቸው ስትል የቆየችው ነገር ነበር።

"ያ እናንተ የነበራችሁበት ተራራ ምን ይመስል ነበር? እኔ እኮ እንደ ጮቄ አድርጌ ነው የማየው። ሣር ያለው፣ ብርድ ያለው።"

መቶ አለቃው ፈገግ አሉ። "ምን ተራራ አለና! ጉብታ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቂት ግራር፣ ሙቀቱ የሚያፈላ። ብቻ ጠዋት ጠዋት አንዲት ሚዳቋ ትመጣ ነበር። ጥይቱ ሁሉ አያባርራትም።"

"ምነው ያኔ ሳይነግሩኝ?"

"በሬዲዮ ሚዳቋ ይወራል?"

ወይንእሸት ዓይኗን ጨፈነች። ጮቄ ቀስ እያለ ሣሩን አራገፈ፣ ጉሙ ተነሣለት፣ ዝቅ አለ። ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ግራሮቹ አንድ በአንድ መጡ።

"በየት በኩል ነበር የምትመጣው?" ብላ ጠየቀች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

መቶ አለቃውም እንጀራቸውን ትተው ይነግሯት ጀመር።