አጥር ሥር የሰማሁትና ያልጻፍኩት

ሸዋ ሮቢት ላይ የከተማ ትራንስፖርት ጥናት ሊካሄድ ነው ተብሎ መረጃ ሰብሳቢ ሲፈለግ፣ ከሁሉ ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ኮሌጅ ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት አጥኚዎች ሦስት ቀን አሠለጠኑን። ባጃጁም ሚኒባሱም ላለውም ለሌለውም፣ አስፋልት ዳር ላለውም ማሳ ውስጥ ለሚኖረውም እኩል እንዲደርስ ነው ጥናቱ አሉን። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። የእኛ ሰፈር ከአስፋልቱ ወዲያ፣ የሽንኩርቱንና የማሾውን ማሳ አልፎ ነው። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ በበጋ ደግሞ ሐሩሩ አናት ይበሳል።

ለየራሳችን ታብሌት ተሰጠን። ጥያቄው ተደርድሮበታል፤ መልሱን ነክቶ ማለፍ ነው። አንዴ ከተላከ በኋላ ግን ያ ቤት ተዘጋ ማለት ነው፤ ለማስከፈት የተቆጣጣሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪያችን ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ተሳስቻለሁ ብሎ የሄደ ሁሉ «መጀመሪያስ ምን ስትሠሪ ነበር?» ተብሎ ነው የሚመለሰው።

እንግዲህ የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ። ቤቱ ገብታችሁ «ችግር አለ ወይ?» ብትሉት፣ ክርስቲያኑ «ተመስገን»፣ እስላሙ «አልሐምዱሊላህ» ነው መልሱ። እንግዳ ገና ከመቀመጡ ብሶት መዘርገፍ ነውር ነው። ቁም ነገሩ የሚወጣው ሲሸኝ ነው። እንግዳው ተነሥቶ አጥሩ ጋ ሲደርስ፣ ባለቤቱ በሩን ይዞ ይቆምና «እንዲያው...» ብሎ ይጀምራል። የልጅ መታመሙ፣ የሚስት ምጥ መንገድ ላይ መምጣቱ፣ ሁሉም የሚነገረው እዚያ ቆሞ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እዚያው ነው ያደግኩት። ግን በቀን የብዙ ቤት መልስ የሞላ ይመሰገናል፤ እኔም መመስገን እወዳለሁ። ቤት ውስጥ ተቀምጬ «ችግር የለም» የሚለውን እየነካሁ፣ እየተነሣሁ፣ የሽኝቱን ወሬ በግማሽ ጆሮ እየሰማሁ ወደሚቀጥለው ቤት እሮጣለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔስ ያፈሰስኩትን ለቅሜው ቢሆን ምን ነበረበት!

ቤት ለቤት መዞር በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ቤት ተራ ደረሰ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ስኳር አለባቸው። ያን ሰሞን እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶ በየሁለት ቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ያሳጥቡት ነበር።

«ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ የትራንስፖርት ችግር ያጋጥምዎታል?» አልኳቸው፣ እንደ ባዳ።

ሳቁብኝ። «ወይ ጉድ! አንቺው ነሽ እንዲህ የምትጠይቂኝ? ኧረ ተመስገን፤ እግር ሰጥቶኛል፣ ምን ጎደለብኝ።»

እኔም ሳቅኩ። «በእግር»፣ «ችግር የለም»። ነካሁት፣ ተላከ።

ሊሸኙኝ ወጡ። «ኧረ ይመለሱ እትዬ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው» ብላቸው አልሰሙኝም፤ እያነከሱ እስከ አጥሩ መጡ። በሩን ያዙና «እንዲያው ልጄ» አሉ፤ «ያ የምትጽፊበት ነገር የሚሰማው ሰው ካለ፣ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ትናንት ስመለስ ሦስት ቦታ ተቀመጥኩ። ቁስሉ ጫማዬ ውስጥ ደማ። ያ እስከ ሰፈራችን የሚዘልቀው ባጃጅ አንዳንዴ ባይደርስልኝ አልችለውም። እግሬን ፈራሁት።»

በዕድሜዬ ሙሉ እትዬ «ፈራሁ» ሲሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እሺ እትዬ፣ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው። ቤቱ ግን ተልኳል፤ ለማስከፈት ያንን ፊት ማየት ሊኖርብኝ ነው። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ። ከዚያ ሥራው አለቀና አጥኚዎቹ ሄዱ። ረሳሁት ብዬ ልዋሽ? አልረሳሁትም፤ ፈሪ ሆኜ ነው።

ከወራት በኋላ የባጃጅ ስምሪት በጥናቱ መሠረት ተደለደለ ተባለ። እያንዳንዱ ባጃጅ መስመር ተሰጠው፤ ከመስመሩ የወጣ ይቀጣል። ለእኛ ሰፈር መስመር አልተሰጠም። ያ አንዳንዴ እንኳ ይመጣ የነበረው ባጃጅ ቅጣት ፈርቶ ቀረ። ሹፌሩን መናኸሪያ አግኝቼ ለመንኩት። «እህቴ፣ ታርጋዬን እንዲፈቱት ነው እንዴ የምትፈልጊው?» ብሎኝ ፊቱን አዞረ። ምን ልበለው፣ እሱም ልጆች አሉት።

ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ጮህኩ፤ ጩኸት ልማዴ ነው። ኃላፊው ታግሦ ሰማኝና ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። ከሰፈራችን ስም ጎን «ነዋሪው የትራንስፖርት ችግር እንደሌለበት ገልጿል» ይላል።

«ከራሳችን አላመጣነውም፤ ሕዝቡ ራሱ ያለው ነው» አለኝ። «ደግሞ መረጃውን የሰበሰበው የእናንተው ሰፈር ሰው ነው።»

እኔ ነኝ ብዬ ስነግረው ትክ ብሎ አየኝና «ታዲያ አሁን ምን ላድርግሽ?» አለ። ሌላ ጥናት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም።

እትዬ በእግራቸው ሄዱ። በየሁለት ቀኑ የነበረው በየሳምንቱ ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። በአህያ እንዳልወስዳቸው እግራቸው ሲንጠለጠል ያብጣል። አንድ ቀን አዝያቸው ወጣሁ። ማሳው መሀል ስንደርስ ጉልበቴ ከዳኝና ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ አልን። እዚያው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ነጠላቸውን ዘርግተው እኔን ፀሐይ እንዳይመታኝ ይከልሉልኛል። አፈር ልብላ፣ እኔን!

በመጨረሻ የሰፈር ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት አወጣቸው። ሆስፒታል ስንደርስ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ሲያየው ተቆጣ። «እስካሁን የት ነበራችሁ? ለምንድን ነው ሕክምናውን ያቋረጡት?» የጠየቀው እኔን ነው። መንገዱን፣ ባጃጁን፣ የላክሁትን ውሸት፣ ሁሉንም ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

እትዬ ቀደሙኝ። «እሷን አትቆጣት ልጄ፣ እሷ ምን ታድርግ። የራሴ ስንፍና ነው፤ ዛሬ ነገ ስል ነው።» በአንሶላው ውስጥ እጄን ጭምቅ አደረጉኝ፣ ዝም በይ ለማለት። ያኔ ገባኝ፤ እንዳልጻፍኩላቸው ያውቁ ነበር፤ ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር።

ሐኪሙ ካርዳቸውን ሳበና በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ በራሳቸው ቸልተኝነት ሕክምና ያቋረጡ። እትዬ አያነቡትም፤ እኔ ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። እስክሪብቶው ገና ከወረቀቱ አልተነሣም ነበር፤ ልክ አይደለም ማለት እችል ነበር። ከዚያ እግራቸው እንዲቆረጥ ቤተሰብ የሚፈርምበትን ወረቀት ሰጠኝ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ፈረምኩ።