መሀል ሰፋሪው ፈረንሳዊ

በ1977 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ የመኸር ወቅት ደርሶ የሚታጨድ ያልነበረበት ዓመት። ልጄን ባየኋት ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

መካነ ሰላም ካለው የእህል መጋዘን ደጅ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈናል። ጀርባዬ ላይ ያዘልኳት ልጄ አንገቷን ማቅናት አቅቷታል። ጡቴ ከደረቀ ሰንብቷል። ስንዴውን ያመጣው አንድ ፈረንሳዊ ነበር። በሩ ሊከፈት ሲል ካድሬው መጣና ፈረንጁ አስቀድሞ የሕይወት ታሪኩን ያሰማ አለ። እኛ በሆዳችን፣ እሱ በታሪክ።

የሚያስተረጉመው የእንግሊዝኛ መምህሩ ነው፤ ቋንቋ እንጂ ኳስ አያውቅም። ፈረንሳዊው ስለ ሥራው ሲናገር አዳመጠ፣ አንዷ ቃል ላይ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ፣ "አሥራ ሁለት ዓመት መሀል ሰፋሪ ነበርኩ፤ ኋላ የእነሱው አለቃ ሆንኩ ይላል" አለ።

ያን ጊዜ መሀል ሰፋሪ የሚባለው ከአብዮቱም ከጠላቱም ሳይወግን የሚያደባ ሰው ነው። ስንቱን እስር ቤት ያስገባ ቃል ነው። ካድሬው የመጋዘኑን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ነገሩ እስኪጣራ እደላው ቆሟል አለን።

ከኋላዬ የቆሙት ጎረቤታችን አያ ሰይድ፣ "ጓድ፣ ስንዴውም መሀል ሰፋሪ ነው?" አሉ።

ሰልፈኛው ሳቀ። ካድሬው ቁልፉን በኪሱ እያሻሸ መምህሩን፣ "እስቲ ጠይቀው፤ ወደየት ነበር የሚያዘነብለው?" አለው።

ፈረንሳዊው ጥያቄውን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ግራ ጭኑን መታ መታ አድርጎ መለሰ።

"ወደ ግራ ነው ይላል" አለ መምህሩ። "በቀኙ ጨርሶ አይሠራም።"

"ድሮም ፊቱ ይናገራል" አለና ካድሬው ጨበጠው። በሩ ተከፈተ።

ስንዴው ሲሰፈር ፈረንሳዊው ባዶ ቆርቆሮ በግራ እግሩ እያነሳ ሲያንቀረቅብ መምህሩ አየው። ሰውየው ለካ በአገሩ የመሀል ሜዳ ኳስ ተጫዋች፣ ኋላም አሰልጣኝ ኖሯል። መምህሩን ላብ አጠመቀው። በሹክሹክታ ሲነግረን ካድሬው እስኪርቅ ድረስ ሳቃችንን በነጠላ አፈንን።

በወንጌል በግራ የሚቆሙት ፍየሎች ናቸው። የዚያን ቀን ግን ምሕረት በግራ በኩል መጣ። ካድሬውን ሳስብ ዛሬም እስቃለሁ፤ ልጄን ሳይ ደግሞ ተመስገን ከማለት በቀር ቃል የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ንፍሮ አላምጬ አጎረስኳት፤ ዋጠች። ከዚያ አዝያት ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ። የፈረንሳዊውን ስም ስለማላውቅ፣ "ያን ሰውዬ አስበው" ብዬ ጸለይኩ። የካድሬውን ስም አውቀው ነበር፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆየሁት።